ቀላል ፒክአፕ ስኖውሞቢል በዴክ ላይ መሸከም ይችላል? ከመጫንዎ በፊት የሚያደርጉት ምርመራ

ስለ ፒክአፕና ስለ ስኖውሞቢል (ከፊት በሁለት ስኪ፣ ከኋላ በሰፊ የላስቲክ ሰንሰለት በበረዶ ላይ ስለሚሄደው ተሽከርካሪ) ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው የሞተሩ ጉልበትና የመጎተት አቅሙ ነው። ለዚህ ጉዳይ ግን ሁለቱም እምብዛም አይጠቅሙም። በዴክ፣ ማለትም ከካሶኒው በላይ በሚገጠም መድረክ ላይ የወጣ ስኖውሞቢል አይጎተትም፤ ይታዘላል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት የመኪናው ጀርባ፣ ማለትም ሻንሲው፣ ባሌስትራው፣ የኋላ አክስሉ፣ ጎማውና ፍሬኑ ስንት ኪሎ ለማዘል እንደተሠሩ ነው።

መልሱን አስቀድሞ ለመናገር፣ «ግማሽ ቶን» በሚባለው ክፍል ያለ አብዛኛው ፒክአፕ ዴክና አንድ ስኖውሞቢል ከሁለት ሰው ጋር ሊይዝ ይችላል። ሁለት ስኖውሞቢል ግን፣ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ለከባድ ጭነት ተብሎ በተለየ ባሌስትራ፣ አክስልና ጎማ የተዘጋጀ ካልሆነ በቀር፣ ከተፈቀደለት በላይ ነው። ከእሱ ያነሱት መካከለኛ ፒክአፖች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዴኩን ራሱን ባይሸከሙ ይሻላል። ሁለት ጭነው የሚሄዱ ቀላል መኪኖች በበረዶ ወራት በብዛት እንደሚታዩ አይካድም። ሆኖም መኪናው ተነስቶ መንቀሳቀሱ ጭነቱን ችሎታል ማለት አይደለም፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ፣ ነፋስ በጎን ሲመታና ከአቅሙ በላይ የተጫነ ጎማ ለሰዓታት ሲሽከረከር ነው።

ዴክ የሚባለው ከካሶኒው በላይ የሚቀመጥ፣ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም የሚሠራ ጠፍጣፋ መድረክ ነው። አንድ ስኖውሞቢል 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ይረዝማል፤ ወርዱም ከ1 ሜትር ስለሚበልጥ ሁለቱን ጎን ለጎን በስፖንዳዎቹ መካከል ማስገባት አይቻልም። ዴኩ ከስፖንዳው በላይ ስለሚወጣ በግራና በቀኝ እየሰፋ ለሁለቱም ቦታ ይሰጣል፤ ከሥሩም የሚሳብ መወጣጫ አለው። በምዕራብ ካናዳና በአሜሪካ ተራራማ ግዛቶች የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ለእንጨት ማጓጓዣ ተብለው የተጠረጉት የተራራ መንገዶች ጠባቦች ናቸው፤ መጨረሻቸው ላይ ያለው ማቆሚያም በበረዶ ሲሞላ ተሳቢ ማዞር ከባድ ነው። ዴክ የጫነ መኪና ግን ተሳቢ ስለማይጎትት በቀላሉ ዞሮ ይወጣል። ችግሩ፣ ይህ ምቾት የሚገኘው ክብደቱን ሁሉ በመኪናው ጀርባ ላይ በመጫን መሆኑ ነው።

በበሩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር

«ግማሽ ቶን» የሚለው ስያሜ የድሮ ቅሪት ነው። ፎርድ ኤፍ-150፣ ሸቭሮሌት ሲልቨራዶ 1500፣ ራም 1500 እና ቶዮታ ታንድራ በዚህ ስም ይጠሩ እንጂ፣ የመሸከም አቅማቸው ከግማሽ ቶን ጥቂት ከፍ ከሚለው ጀምሮ ከአንድ ቶን እስከሚያልፈው ድረስ ይለያያል። ልዩነቱ በሞዴል መካከል ብቻ ሳይሆን በአንድ ሞዴል ውስጥም አለ። ማስታወቂያ ላይ የሚወጣው ትልቁ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ረድፍ መቀመጫ፣ ጌጥ ያልበዛበትና በልዩ የጭነት ዝግጅት የታዘዘ መኪና ቁጥር ነው። ባለ አራት በር፣ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ የቆዳ መቀመጫና የሚከፈት ጣሪያ ያለው ያው ሞዴል ብዙ መቶ ኪሎ ሊያንስ ይችላል። ተራራ የሚወጡ ሰዎች የሚገዙት ደግሞ በአብዛኛው ይህንኑ ሁለተኛውን ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያውን ትተው የሾፌሩን በር ይክፈቱ። በአሜሪካና በካናዳ በሚሸጡ መኪኖች ላይ፣ በሩ ሲዘጋ በሚሸፈነው የበሩ ምሰሶ ላይ ቢጫና ነጭ ቀለም ያለበት የጎማና የጭነት መረጃ ወረቀት ተለጥፏል። እዚያ ላይ የተሳፋሪዎችና የዕቃ ድምር ክብደት ከዚህን ያህል ኪሎ ግራም ወይም ከዚህን ያህል ፓውንድ ፈጽሞ መብለጥ እንደሌለበት የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር ያገኛሉ። ይህ ቁጥር የእርስዎው መኪና ከፋብሪካ በወጣበት ሁኔታ የተሰላ ነው። በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት።

ቁጥሩ ላይ ሁለት ነገር ይስተዋል። አንደኛ፣ ሾፌሩም ተሳፋሪ ነው፤ ከድምሩ አይወጣም። ሁለተኛ፣ መኪናው ከተገዛ በኋላ የተጨመረ ነገር ሁሉ፣ ለምሳሌ የብረት መከላከያ፣ ዊንች፣ ከፋብሪካው የከበደ ጎማና ቸርኬ፣ የካሶኒ መሣሪያ ሳጥን፣ ከዚሁ ቁጥር ላይ ይቀነሳል። ዴኩም ከተጨማሪዎቹ አንዱ ነው፤ ብዙዎች የሚረሱት ግን እሱን ነው። «ዴኩ የመኪናው አካል ነው» ብሎ ማሰብ ሚዛኑን አያታልለውም።

ከዚሁ አጠገብ ሌላ ወረቀት አለ፤ የመኪናውን የጠቅላላ ክብደት ጣሪያና የፊትና የኋላ አክስሎቹን ጣሪያ ለየብቻ የሚናገር ነው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሒሳቡ

በሩ ላይ 680 ኪሎ ግራም የሚል «ግማሽ ቶን» መኪና እንውሰድ። ቁጥሩ ለዚህ ክፍል የተለመደ ነው። የአሉሚኒየም ዴክ እንደ ርዝመቱና እንደ አሠራሩ በአማካይ ከ130 እስከ 230 ኪሎ ስለሚመዝን 180 እንበል።

የስኖውሞቢሉን ክብደት በተመለከተ አምራቾች የሚጽፉት ባዶውን ክብደት ነው፤ ይህም ነዳጅና ሌሎች ፈሳሾች ሳይኖሩበት ማለት ነው። ለተራራ የሚሠራ፣ ባለ ሁለት ምት (ቱ ስትሮክ) ሞተር ያለው ስኖውሞቢል ባዶው ከ190 እስከ 230 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፤ ለረጅም ጉዞ የሚሠሩት ባለ አራት ምት ደግሞ ከ270 ኪሎ በላይ ይሄዳሉ። ለስሌታችን 210 ኪሎ የሚመዝን የተራራ ስኖውሞቢል እንያዝ። ታንከሩ 40 ሊትር ቤንዚን ቢይዝ ወደ 30 ኪሎ ይጨምራል። ዘይትና የማቀዝቀዣ ፈሳሽ 5 ኪሎ ያህል ነው። በመጨረሻ የሚመጣውና ማንም የማይመዝነው በረዶው ነው። ቀኑን ሙሉ ተነድቶ የተመለሰ ስኖውሞቢል በእግር መርገጫዎቹ፣ በሰንሰለቱ ውስጥና ንዝረት በሚያበርዱት ክፍሎቹ ላይ የተጋገረ በረዶ ይዞ ይመጣል፤ 15 ኪሎ ብንል አላጋነንም። እንግዲህ 210 የተባለው 260 ሆነ።

ሁለት ሰዎች ከከባድ ልብሳቸው ጋር 170 ኪሎ፣ የአደጋ ጊዜ ቦርሳቸው፣ አካፋቸው፣ ተጨማሪ ነዳጅና መፍቻዎች 40 ኪሎ እንበል። ዴክ 180፣ ሁለት ስኖውሞቢል 520፣ ሰውና ዕቃ 210፤ ድምሩ 910 ኪሎ ግራም ይመጣል። ከተፈቀደው በ230 ኪሎ አልፏል። እንዲያውም ዴኩና ሁለቱ ስኖውሞቢሎች ብቻ 700 ስለሆኑ፣ ሾፌሩ በሩን ከፍቶ ሳይቀመጥ ጣሪያው ታልፏል። በአንድ ስኖውሞቢል ግን ድምሩ 650 ላይ ይቆማል፤ ጠባብ ቢሆንም ከተፈቀደው አላለፈም። ሦስተኛ ሰው ከኋላ ወንበር ቢጨመርበት ግን እሱም ያልፋል።

ይኸው ሒሳብ በቶዮታ ታኮማ፣ በፎርድ ሬንጀር ወይም በሸቭሮሌት ኮሎራዶ መጠን ላለ መኪና ይበልጥ ይጠብባል። በሩ ላይ 500 ኪሎ ከሚል መኪና ላይ 150 ኪሎ የሚመዝን አጭር ዴክ፣ አንድ ስኖውሞቢልና ሁለት ሰው ብቻ 580 ይሆናሉ። ለዚህ ክፍል ዴኩን ትቶ አንዱን ስኖውሞቢል በካሶኒው ወለል ላይ መጫን፣ ወይም ተሳቢ መጠቀም ነው የሚበጀው።

ስሌት የግምት ነገር ስለሆነ በሚዛን ማረጋገጥ ተገቢ ነው። በጭነት መኪና ማረፊያዎች ያሉት ሚዛኖች የየአክስሉን ክብደት ለይተው ይሰጣሉ። መኪናውን እንደ ጉዞ ቀን ሙሉ በሙሉ ጭነው፣ ነዳጅ ሞልተውና ሰዎቹ ሁሉ ተቀምጠው ይመዝኑት። አንድ ጊዜ ከተመዘነ በኋላ፣ ጭነቱ እስካልተለወጠ ድረስ፣ በግምት መከራከር ያበቃል።

ክብደቱ የት ላይ ያርፋል?

ድምሩ ከተፈቀደው ባያልፍም ቦታው ሊያበላሸው ይችላል። ባለ አራት በር ፒክአፖች በአብዛኛው የሚሸጡት 1.7 ሜትር በሚሆን አጭር ካሶኒ ነው። ከ3 ሜትር በላይ የሚረዝም ስኖውሞቢል አፍንጫውን ወደ ጋቢናው አስጠግቶ ሲቆም፣ ጅራቱ ከካሶኒው ውጭ ይቀራል፤ የጭነቱም የክብደት ማዕከል ከኋላ አክስሉ በስተጀርባ ይወድቃል። ከአክስሉ ጀርባ ያለ ክብደት እንደ ማንሻ ይሠራል፤ ኋላውን ሲጫን ፊቱን ያነሳል።

በፊትና በኋላ አክስሎቹ መካከል ያለው ርቀት 3.68 ሜትር ቢሆን፣ የዴኩና የስኖውሞቢሎቹ የጋራ ማዕከል ደግሞ ከኋላ አክስሉ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቢሆን፣ ከፊት አክስሉ እስከ ጭነቱ ማዕከል ያለው 4.08 ሜትር ነው። 700 ኪሎን በ4.08 አባዝተን ለ3.68 ስናካፍል 776 ኪሎ እናገኛለን። የኋላ አክስሉ ከተጫነው በላይ ይሸከማል ማለት ነው፤ ትርፉ 76 ኪሎ የመጣው የፊት ጎማዎቹ ላይ ከነበረው ክብደት ነው። ባዶውን የኋላ አክስል 1,000 ኪሎ፣ ከሰዎቹ ደግሞ 85 ኪሎ ወደ ኋላ ይደርሳል ብንል 1,861 ኪሎ ይሆናል። የዚህ ክፍል መኪኖች የኋላ አክስል ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ከ1,700 እስከ 1,900 ኪሎ ባለው ውስጥ ስለሆነ፣ ከጠርዙ ላይ ደርሰናል ወይም አልፈናል። ሁለተኛውን ወረቀት ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የፊቱ መቅለል ደግሞ በበረዷማ መንገድ ላይ ቀላል ጉዳይ አይደለም። መኪናውን የሚያዞሩት የፊት ጎማዎች ናቸው፤ አብዛኛውን የፍሬን ሥራ የሚሠሩትም እነሱ ናቸው። በረዶ ላይ የሚይዙት በጥቂቱ በመሆኑ፣ ከዚያችው ጥቂት ላይ ክብደት ሲነሳባቸው መሪው ይቀልላል፤ መኪናውም ወደ መታጠፊያው ሲገባ ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። የፊት መብራቱም ከመንገዱ ተነስቶ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይመታል።

ይህን ያለ ሚዛን ለመገመት የሜትር ገመድ ይበቃል። መኪናው ባዶ ሆኖ ደልዳላ ቦታ ላይ ሳለ፣ በአራቱም ጎማዎች ከቸርኬው መካከል ቀጥ ብለው እስከ ጭቃ መከላከያው ጠርዝ ድረስ ለክተው ይጻፉ። ጭነው ሲጨርሱ ድጋሚ ይለኩ። ኋላው መውረዱ ይጠበቃል። ፊቱ ከባዶው ልኬት ከፍ ብሎ ከተገኘ ግን ጭነቱን ወደ ፊት ማስጠጋት ያስፈልጋል፤ የሚጠጋበት ቦታ ከሌለ ዴኩ ለዚያ ካሶኒ አልተሠራም። በዚህ ረገድ 2 ሜትር ወይም 2.4 ሜትር ካሶኒ ያለው መኪና ከአጭሩ በብዙ ይሻላል።

ከፍታው

ስለ ክብደት የሚጨነቁ ሰዎች እንኳ ከፍታውን ይዘነጉታል፤ በእኔ ግምት ግን ከሁሉ የከፋው አደጋ ያለው እዚህ ነው። የ«ግማሽ ቶን» መኪና ስፖንዳ ከመሬት 1.4 ሜትር አካባቢ ከፍ ይላል፤ ዴኩ የሚያርፈው በዚያ ልክ ሲሆን ስኖውሞቢሉ ከዚያ በላይ ይቆማል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር መኪኖች የመገልበጥ ዝንባሌያቸውን ሲመዝን የሚጠቀምበት ቀላል ንጽጽር አለ፦ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ፣ ለክብደት ማዕከሉ ከፍታ ይካፈላል። ውጤቱ ባነሰ ቁጥር መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል። የጎማዎቹ ርቀት 1.7 ሜትር፣ ክብደቱ 2,400 ኪሎ፣ ማዕከሉም ከመሬት 72 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባዶ ፒክአፕ 1.18 ያመጣል። ማዕከሉ 1.72 ሜትር ላይ የሆነ 700 ኪሎ ሲጫንበት የሁለቱ የጋራ ማዕከል ወደ 95 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፤ ንጽጽሩም ወደ 0.90 ይወርዳል። ባሌስትራው ተጭኖ መኪናው ሲወዛወዝ የሚፈጠረው መንጋደድ በዚህ ውስጥ አልገባም።

«በረዶ ላይ ጎማው ቀድሞ ስለሚንሸራተት መገልበጥ አይመጣም» የሚል መከራከሪያ ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው። መኪናው በጎኑ እየተንሸራተተ ሳለ ጎማው ከበረዶው ወጥቶ ደረቅ አስፋልት ቢነካ ወይም መንገድ ጠራጊው ወደ ዳር የከመረውን ደረቅ የበረዶ ግንብ ቢመታ፣ መንሸራተቱ በድንገት ይቆማል፤ ላይኛው ክብደት ግን ጉዞውን ይቀጥላል። የሚያገለብጠውም ይህ ነው።

ቁመቱ ሌላም ጣጣ አለው። 1.4 ሜትር ላይ 1.3 ሜትር ስኖውሞቢል ሲጨመር 2.7 ሜትር ይሆናል። ብዙ ከጣሪያ በታች ያሉ የመኪና ማቆሚያዎችና አንዳንድ የሆቴል መግቢያዎች ይህን ቁመት አያሳልፉም። ትክክለኛውን ቁመት ለክተው በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈው መሪው አጠገብ ይለጥፉት፤ ከረጅም ቀን በኋላ የደከመ ሾፌር ያስታውሳል ብሎ መተማመን አይገባም።

ዴኩ የሚታሰርበት ቦታ

የካሶኒ ስፖንዳ ዕቃ እንዳይወድቅ ለመከለል እንጂ ከላይ ክብደት ለመቀበል አልተሠራም። ደህና ዴክ ክብደቱን በእግሮቹ በኩል ወደ ካሶኒው ወለል፣ ከዚያም ወደ ሻንሲው ያወርዳል፤ ስፖንዳውን የሚነካው ወዲያና ወዲህ እንዳይሄድ ለመያዝ ብቻ ነው። ክብደቱን ሙሉ በሙሉ በስፖንዳው ላይ የሚያሳርፍ ዴክ ካዩ ለቀላል መኪና አይግዙት። የካሶኒው ቁስም ይለያያል። የፎርድ ኤፍ-150 አካል ከ2015 ሞዴል ጀምሮ አሉሚኒየም ነው፤ የቶዮታ ታኮማ ካሶኒ ውስጥ ደግሞ የተሠራው ከተጠናከረ ፕላስቲክ ነው። በብረት ላይ ያለ ችግር የሚጠብቅ ማያያዣ በእነዚህ ላይ ሊያጎብጥ ወይም ሊሰነጥቅ ስለሚችል፣ ዴኩ ለዚያው ሞዴል የተዘጋጀ መገጣጠሚያ እንዳለው ይጠይቁ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ መልሶ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ ቅዝቃዜና ንዝረት ያላላቸዋል።

ጎማና ባሌስትራ

ብዙ ቀላል ፒክአፖች ከፋብሪካ የሚወጡት በቤት መኪና ዓይነት ጎማ ነው። እንዲህ ያለ ጎማ በፒክአፕ ላይ ሲገጠም፣ በጎኑ የተጻፈው የጭነት አቅም ለ1.10 ተካፍሎ ነው የሚያዘው። ለምሳሌ 113 የሚል የጭነት መለያ 1,150 ኪሎ ማለት ቢሆንም፣ በፒክአፕ ላይ 1,045 ኪሎ ብቻ ይቆጠራል። ለቀላል ጭነት መኪና ተብለው የተሠሩት ጎማዎች ጎናቸው ጠንካራ በመሆኑ ላይኛው ክብደት ሲወዛወዝ መንጋደዱን ይቀንሳሉ፤ ነገር ግን አቅማቸውን የሚያገኙት ከፍ ባለ ነፋስ ስለሆነ፣ በበሩ ላይ ለፋብሪካው ጎማ የተጻፈውን ልክ ለእነሱ መጠቀም ስሕተት ነው። ቅዝቃዜም ነፋሱን ይቀንሳል፤ የሙቀት መጠኑ በየ5.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ወደ 1 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) ያህል ይጠፋል። 15 ዲግሪ ባለው ጋራዥ ውስጥ የተሞላ ጎማ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲገባ 6 ፒኤስአይ ጎድሎት ተራራ ይወጣል። ስለዚህ የሚለካው ውጭ አድሮ፣ ሳይነዳ፣ በማለዳ ነው።

ስለ ተጨማሪ ባሌስትራና በነፋስ ስለሚሞሉ መደገፊያዎች አንድ ነገር ብቻ ልበል፦ የወረደውን ጀርባ ያነሳሉ፣ የፊት መብራቱን ያስተካክላሉ፣ መወዛወዙንም በመጠኑ ይቀንሳሉ፤ በበሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ግን በአንድ ኪሎ እንኳ አያሳድጉም። ፍሬኑ፣ አክስሉና ሻንሲው የነበሩት ናቸው። ከተፈቀደው ላላለፈ ጭነት ጥሩ ረዳት ናቸው፤ ከተፈቀደው ላለፈ ጭነት ግን መሸፈኛ ይሆናሉ።

ማውጣትና ማሰር

መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙት፤ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፤ ከጎማዎቹ ሥር መከላከያ ያድርጉ። መወጣጫው ከዴኩ ጋር በፒን ወይም በሰንሰለት ካልተያያዘ፣ የስኖውሞቢሉ ሰንሰለት ሲነክሰው ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ይወጣል። በላዩ ያለውን በረዶ ይጥረጉ። የስኖውሞቢሉን የድንገተኛ ማጥፊያ ገመድ በልብስዎ ላይ ያስሩ። ነዳጅ መስጫው ሳይጣበቅ በነፃነት እንደሚመለስ ከመነሳትዎ በፊት ይፈትሹት፤ የቀዘቀዘ ገመድ ተጣብቆ ይቀራል፣ ስኖውሞቢሉም ከጋቢናው መስኮት ጋር ይገናኛል። በዴኩ ፊት ለፊት ጠንካራ የብረት ማቆሚያ መኖር ያለበት ለዚሁ ነው።

ሲወጡ ከሥር ጀምሮ አነስተኛና ያልተቆራረጠ ነዳጅ እየሰጡ ይሂዱ፤ መሀል ላይ ቆሞ እንደገና መነሳት ሰንሰለቱን ያሽከረክረዋል። የፊት ስኪዎቹ የዴኩን አፍ ሲያልፉ አፍንጫው ድንገት ወደ ታች ይወርዳል፤ ልምድ የሌለው ሰው በዚያች ቅጽበት ሳያስበው መስጫውን ይጨብጣል። ስለዚህ ነዳጅ የሚሰጡበትን አውራ ጣትዎን ማላላት የሚጀምሩት ከዚያ ቀደም ብለው ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከመወጣጫው ጀርባም ሆነ በዴኩ ላይ ማንም ሰው መቆም የለበትም። እገዛ የሚሰጥ ሰው ካለ ቦታው ከጎን፣ ራቅ ብሎ ነው።

ማሰሪያን በተመለከተ ጥሩ መለኪያ የሚሆነው በሰሜን አሜሪካ ለንግድ ጭነት መኪኖች የወጣው ደንብ ነው፤ ጭነቱ ወደ ፊት የክብደቱን 0.8፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ደግሞ 0.5 የሚያህል ግፊት ሳይንቀሳቀስ እንዲቋቋም ይጠይቃል። የግል መኪና በዚህ ባይገደድም የተፈጥሮ ሕጉ ለሁለቱም አንድ ነው። ለ260 ኪሎ ስኖውሞቢል ወደ ፊት 208 ኪሎ ያህል መሆኑ ነው። ማሰሪያ ሲገዙ የሚነበበው የሥራ አቅሙ ነው፤ ጎልቶ የሚጻፈው የመበጠሻ ልኩ ብዙ ጊዜ የሥራ አቅሙን ሦስት እጥፍ ስለሆነ ያታልላል። ፊቱን ሁለቱንም ስኪዎች ከላይ በሚጫን የብረት ዘንግ ወይም ሁለት ባለ ጥርስ ማጥበቂያ ቀበቶዎች ይያዙ፤ ኋላውን በሁለት ቀበቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ዘርግተው ይሰሩ። በፊት ብቻ የታሰረ ስኖውሞቢል በመታጠፊያ ላይ ጅራቱን ይወረውራል። መንጠቆው በመሪው እጀታ ወይም በፕላስቲክ ክፍል ላይ ሳይሆን በሻንሲው ላይ ይሁን።

ቀበቶው ሲጠብቅ ከሥሩ በረዶ ካለ፣ በረዶው ሲቀልጥ ወይም ሲፈራርስ ቀበቶው ይላላል። በመሆኑም ከተነሱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 80 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ቆሞ ማጥበቅ፣ ከዚያም በየሦስት ሰዓቱ መደጋገም ያስፈልጋል። በተራራ መንገድ ግን እኔ ከዋናው መንገድ ጋር የሚያገናኘው መታጠፊያ ላይ ስደርስ አንድ ጊዜ እጨምራለሁ፤ እስከዚያ ያለው ጠመዝማዛ ከቀጥታው አውራ ጎዳና ይበልጥ ያላላዋልና።

ከመነሳትዎ በፊት ወደ ኋላ ዞረው ይመልከቱ። ዴኩ በጋቢናው ላይ ያለውን ሦስተኛውን የፍሬን መብራት ይሸፍናል፤ ወደ ኋላ የወጣው ጅራትም የኋላ መብራቶቹንና ታርጋውን ሊጋርድ ይችላል። የተሸፈነውን የሚተካ መብራት በዴኩ ጠርዝ ላይ ማስገጠም ግድ ነው። ወርዱንም ይለኩ፤ በአሜሪካ ዋና አውራ ጎዳናዎች የሚፈቀደው 2.59 ሜትር ሲሆን፣ የዴኩ ጎኖች ሲዘረጉ ከመስተዋቶቹ ወጣ ብለው የሚሄዱበት ሁኔታ አለ።

በመንገድ ላይ

ፍሬን የሚያዝበት ርቀት ይረዝማል፣ ነፋስ ይገፋል፣ ነዳጅ ይበዛል። ፍጥነትን መቀነስ ለሦስቱም ይሠራል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ከመግባትዎ በፊት ማርሽ ቀንሰው በሞተሩ ይያዙት፤ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ረግጦ መውረድ ያሞቀዋል፣ ከአቅሙ ጋር ተቀራርቦ የተጫነ መኪና ደግሞ ቶሎ ያሞቀዋል። ድልድይ ላይና ከተራራ ጥላ ወደ ሜዳ ሲወጡ ነፋሱ በአንድ ጊዜ በጎን ይመታል። ከፊት የሚመጣ ትልቅ ጭነት መኪና ሲያልፍም እንዲሁ ነው። መሪውን በሁለት እጅ ይዞ በለሆሳስ ማረም እንጂ መንቀል አይገባም።

ዴኩ ካልሆነ

ሁለት ስኖውሞቢል ግድ የሚሆንበት ሰው ካለው ቀላል መኪና ጋር ሊያስማማው የሚችለው ተሳቢ ነው። ሁለት የሚይዝ የአሉሚኒየም ተሳቢ ከ250 እስከ 400 ኪሎ ቢመዝን፣ ከ520 ኪሎ ስኖውሞቢሎች ጋር ወደ 850 ኪሎ ይደርሳል። በመኪናው ላይ የሚያርፈው ግን የተሳቢው አንገት ክብደት ብቻ ነው፤ ይህም ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ማለትም ከ85 እስከ 130 ኪሎ ይሆናል። በዴክ ላይ 700 ኪሎ ያዘለው መኪና እዚህ 130 ያዝላል፤ ያውም ከስፖንዳው በላይ ሳይሆን ከመከላከያው ሥር። ማዞሪያ በሌለበት ማቆሚያ ተሳቢ ማስቸገሩ እርግጥ ነው፤ ከዋናው መንገድ አጠገብ ተሳቢውን አቁሞ ቀሪውን በስኖውሞቢል መሄድ የሚቻልባቸው ቦታዎች ግን አሉ።

አንድ ብቻ ለሚጭን ሰው ደግሞ ዴክ ፈጽሞ ባይኖር ይመረጣል። በ«ግማሽ ቶን» ካሶኒ ወለል ላይ አንድ ስኖውሞቢል የኋላ መዝጊያው ተከፍቶ ይገባል፤ የዴኩ 180 ኪሎ ይተርፋል፤ የክብደት ማዕከሉም ከግማሽ ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የኋላ መዝጊያውን ነው። ገመዶቹ የሚችሉትን ክብደት ከመኪናው መመሪያ ያጣሩ፤ ስኖውሞቢሉ በሚወጣበት ቅጽበት ክብደቱ ሁሉ በጠርዙ ላይ ስለሚያልፍ፣ መወጣጫው በመዝጊያው ጫፍ ላይ ሳይሆን ከሥሩ በራሱ እግር የሚደገፍ ቢሆን ይሻላል።

አስቀድሞ ዴክ ላለውና ሁለት መጫኑን ለማይተው ሰው የቀረው የከባዱ ክፍል ፒክአፕ ነው፤ ፎርድ ኤፍ-250 እና 2500 የሚል ቁጥር የያዙት ራምና ሲልቨራዶ በዚህ ይመደባሉ። እዚያም ቢሆን የበሩን ወረቀት ሳያነቡ አይግዙ፤ ባለ ናፍጣ ሞተሩ ራሱ ከቤንዚኑ በብዙ ስለሚከብድ፣ በጌጥ የተሞላ ባለ ናፍጣ መኪና በዚያው ሞዴል ካለው ተራ ባለ ቤንዚን ያነሰ ቁጥር በበሩ ላይ ይዞ ይገኛል።